የሪሞት መኪናን በኢንተርኔት ከሩቅ መንዳት፦ ከግቢያችሁ እስከ ባሕር ማዶ

አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። አንዳንዱ ጠያቂ እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ለልጁ የሪሞት መኪና ገዝቶ ከቢሮ ሆኖ አብሮት መጫወት ይፈልጋል። አብዛኛው ግን ውጭ አገር ያለ ነው። "መኪናዋ እማዬ ግቢ ትቀመጥ፤ ልጆቼ ከዚህ ሆነው በካሜራ እያዩ ሊነዷት ይችላሉ ወይ?" ይለኛል። ይችላሉ። እኔ አራት ኪሎ ቤታችን ግቢ ውስጥ ሠርቼዋለሁ። የእህቴ ልጆች ከዋሽንግተን እየነዱ፣ አያታቸው ቡና እስከምታፈላበት በረንዳ ድረስ ይመጣሉ። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከማስረዳ ሁሉንም እዚህ ጽፌዋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚታገለው መኪናዋ እንድትሄድ ነው። እናንተ መጀመሪያ እንድትቆም አድርጉ። ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ መብራት ይሄዳል፣ የላፕቶፕ ክዳን ይዘጋል። ያኔ ማንም ሳያዛት በራሷ መቆም አለባት። የደረጃዎቹ ቅደም ተከተል የተሠራው ለዚህ ነው፤ አትዝለሉ።

አሠራሩ በአጭሩ

ሁለት ነገር ይመላለሳል። ምስል ከመኪናዋ ወደ ሾፌሩ ይሄዳል፤ ትዕዛዝ ከሾፌሩ ወደ መኪናዋ ይመጣል። መኪናዋ ላይ ራዝበሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ትጫናለች። ምስሉን የምትልከው፣ ትዕዛዙንም የምትቀበለው እሷ ናት። ከሥሯ አርዱኢኖ ናኖ የሚባል ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድ አለ፤ ሞተሩንና መሪውን የሚያዘው እሱ ነው። ሁለቱ ለምን እንደተለያዩ ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የሪሞት መኪና፣ "ሆቢ" የሚባለው፣ ክፍሎቹ ተፈትተው የሚቀየሩት ዓይነት። 1 ለ 10 መጠን ያላት ዕቃ ለመጫን ትመቻለች። ድንጋይ ላይ እየተንፏቀቀች የምትወጣው ክሮውለር ከሁሉም ትሻላለች፤ ቀርፋፋ ናት፣ ለዚህ ሥራ የምንፈልገውም ቀርፋፋ ነው።
- ራዝበሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብሊው እና 32 ጊጋባይት ማይክሮ ኤስዲ ካርድ።
- የፓይ ካሜራ፣ ሰፊ የሚያሳየው ቢሆን ይመረጣል። ከዜሮ ጋር የሚሄደውን ሪባን ገመድ ለይታችሁ ግዙ። የዜሮዋ ማስገቢያ ጠባብ ባለ 22 ፒን ነው፤ ከካሜራው ጋር የሚመጣው ሰፊ ገመድ ብዙ ጊዜ አይገባላትም።
- አርዱኢኖ ናኖ፣ የዩኤስቢ ገመዱ እና ለማይክሮ ዩኤስቢ የሚሆን ኦቲጂ መገናኛ (የናኖው ገመድ ፓይዋ ላይ የሚሰካበት)።
- ትንሽ ፓወር ባንክ፣ 5 ቮልት ላይ ቢያንስ 2.5 አምፔር የሚሰጥ።
- የመኪናዋ ባትሪ። ሊፖ (የሊቲየም ባትሪ ዓይነት) ከሆነ ሴሎቹን እኩል የሚሞላ፣ ባላንስ የሚያደርግ ቻርጀር እና ቮልቴጅ ሲወርድ የሚጮኸው ትንሹ አላርም።
- ጃምፐር ሽቦዎች፣ ናስትሮ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ስፖንጅ ያለው ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር፣ ካቻቪቴ፣ ቴስተር።
- 4ጂ ስልክ ከነሲም ካርዱ።
- ለሾፌሩ ላፕቶፕ። የጌም መቆጣጠሪያ ካለው ደግሞ ጥሩ ነው።

ናኖውን፣ ጃምፐሩንና ፓወር ባንኩን መርካቶ ታገኛላችሁ። ካሜራውን የምታቆሙበትን የፕላስቲክ ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ ግን በአዲስ አትግዙ፤ ምን አለሽ ተራ አንድ ዙር ብትዞሩ የሚበቃችሁን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ፓይዋና ካሜራው ከጠፉ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያመጣቸዋል። ባትሪ ካስመጣችሁ ግን አውሮፕላን ላይ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንደማይፈቀድ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ደረጃ 1፦ መኪናዋን ከፍታችሁ ዓይነቷን ለዩ

ክዳኑን አንሱ። ከመሪው ጋር የተያያዘች ትንሽ ሳጥን ታያላችሁ፤ ሰርቮ ትባላለች። ከእሷ ሦስት ሽቦ ብቻ ከወጣ እና ሞተሩ ከሌላ ሳጥን ጋር ከተያያዘ ትክክለኛዋን መኪና ይዛችኋል። ሞተሩን የያዘው ሳጥን ኢኤስሲ ይባላል፤ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው እሱ ነው።

ሰርቮዋ አምስት ሽቦ ካላት፣ ወይም ሁሉም ነገር አንድ ቦርድ ላይ ከተበየደ፣ ያቺ መኪና ለዚህ መመሪያ አትሆንም። ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያባክነው እዚህ ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ክዳኑን አስከፍቱት።

ደረጃ 2፦ ጎማዎቹን ከመሬት አንሱ

መኪናዋን ሳጥን ወይም ጡብ ላይ አስቀምጡ፤ አራቱም ጎማ አየር ላይ ይንጠልጠል። እስከ ደረጃ 9 ድረስ ከዚያ አትወርድም። ፕሮግራም ስትጽፉ ሞተሩ ሳይታሰብ በሙሉ ኃይል ይነሳል። መሬት ላይ ከሆነች ከጠረጴዛው እግር ወይም ከልጅ እግር ጋር ትጋጫለች።

ደረጃ 3፦ ሽቦውን አገናኙ

የመኪናዋ ባትሪ ተነቅሎ ሳለ ይህን አድርጉ።

ሰርቮዋና ኢኤስሲው የተሰኩበትን የሪሞቱን ተቀባይ አውጡ። ሰርቮዋና ኢኤስሲው እያንዳንዳቸው ሦስት ሽቦ አላቸው፦ ጥቁር ወይም ቡናማው ግራውንድ፣ ማለትም የኃይሉ መመለሻ ነው፣ ቀዩ ኃይል ነው፣ ነጩ ወይም ብርቱካናማው ምልክት ነው።

- የሰርቮዋን ምልክት ናኖው ላይ ዲ9 ከሚለው ፒን ጋር።
- የኢኤስሲውን ምልክት ዲ10 ከሚለው ፒን ጋር።
- የኢኤስሲውን ቀይ ከሰርቮዋ ቀይ ጋር። ሰርቮዋ ኃይል የምታገኘው ከኢኤስሲው ነው።
- ሦስቱን ግራውንድ፣ ማለትም የሰርቮዋን፣ የኢኤስሲውንና የናኖውን፣ አንድ ላይ።

ቀዩን ሽቦ ናኖው ላይ ወይም ፓይዋ ላይ በፍጹም አትሰኩ። ናኖው ኃይሉን ከፓይዋ በዩኤስቢ ያገኛል። ሁለት ምንጭ አንድ ላይ ሲገናኝ አንዱ አንዱን ይገፋና ዕቃ ይቃጠላል። ግራውንዱ ካልተገናኘ ደግሞ ምልክቱ መነሻ ስለሌለው ሰርቮዋ እንደ ብርድ ትንቀጠቀጣለች።

ፓይዋን ለብቻዋ በፓወር ባንክ አስነሱ። ከመኪናዋ ባትሪ ጋር ብታጋሯት፣ ሞተሩ ከቆመበት ሲነሳ ቮልቴጁን ለቅጽበት ይጎትተውና ፓይዋ ትጠፋለች። ሾፌሩ ጋ ምስሉ ይቋረጣል፤ ፓይዋ እስክትነሳም ደቂቃ ይጠፋል።

ደረጃ 4፦ ናኖው ላይ ማቆሚያውን ጻፉ

የዚህ ሁሉ ሥራ ልብ ይህ ደረጃ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

መጀመሪያ ስሠራው ናኖ አልነበረውም። ሰርቮዋንና ኢኤስሲውን በቀጥታ ፓይዋ ላይ ሰካሁ። ፓይዋ ላይ ምልክቱን የሚያወጣው ከኋላ የሚሠራ አገልግሎት ነበር፤ የእኔ ፕሮግራም ትዕዛዙን ለእሱ ይነግረዋል። አንድ ቀን የእኔ ፕሮግራም መሃል ላይ ሞተ። አገልግሎቱ ግን በሕይወት ነበረ። የመጨረሻውን ትዕዛዝ ይዞ ቀጠለ፤ ትዕዛዙ ደግሞ "ወደፊት" ነበር። መኪናዋ እስከ አጥሩ ሄዳ የመሪዋ ክንድ ተሰበረ። መንገዷ ላይ የጎረቤት ሕፃን ቢኖርስ ብዬ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ በኋላ ነው ናኖውን ያስገባሁት። ናኖው ሌላ ሥራ የለውም። ትዕዛዝ ይሰማል፤ ካልሰማ ያቆማል።

ሰርቮና ኢኤስሲ የሚገባቸው ቋንቋ የምልክት ርዝመት ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ አጭር ምልክት ይላካል። ርዝመቱ 1,500 ማይክሮሰከንድ ከሆነ መሃል ነው፦ መሪው ቀጥ ይላል፣ ሞተሩ ይቆማል። ወደ 2,000 ሲጠጋ አንዱ አቅጣጫ፣ ወደ 1,000 ሲወርድ ሌላው አቅጣጫ ነው። አርዱኢኖ ውስጥ ሰርቮ የሚባለው ላይብረሪ (ተጽፎ የተዘጋጀ ኮድ) ይህን ያደርግላችኋል።

የናኖው ፕሮግራም አምስት ነገር ብቻ ያድርግ፦

ሀ. ገና ሲነሳ ለሁለቱም 1,500 ይላክ።
ለ. በዩኤስቢ የሚመጣውን ትዕዛዝ ያንብብ፤ ሁለት ቁጥር ነው፣ አንዱ የመሪ፣ አንዱ የሞተር።
ሐ. ትክክለኛ ትዕዛዝ በመጣ ቁጥር ሰዓቱን ይመዝግብ።
መ. ካለፈው ትዕዛዝ 400 ሚሊሰከንድ ካለፈ ሞተሩን 1,500 ላይ ያድርግ።
ሠ. ከተፈቀደው ገደብ የወጣ ቁጥር ከመጣ ይጣለው። የተቆራረጠ ወይም የተበላሸ መልእክት እንደ ትዕዛዝ እንዳይቆጠር ነው።

ለምን 400? ሾፌሩ በሰከንድ 20 ጊዜ፣ ማለትም በየ50 ሚሊሰከንዱ ትዕዛዝ ይልካል። አንድ ሁለቱ መንገድ ላይ ቢጠፉ መኪናዋ መንገጫገጭ የለባትም። ስምንቱ በተከታታይ ከጠፉ ግን ኔትወርኩ የለም ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ የፍጥነት ገደቡን ናኖው ውስጥ አስቀምጡ

ሞተሩ ከ1,400 በታች እና ከ1,600 በላይ እንዳይቀበል አድርጉ። ገደቡ ሾፌሩ ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን ናኖው ውስጥ ይሁን፤ ከዚያ ወዲያ ልጅ የፈለገውን ቢነካ ሊቀይረው አይችልም። ባትሪውን ሰክታችሁ በ1,500 ሞተሩ ጸጥ ማለቱን አረጋግጡ። ትንሽ ከተንቀሳቀሰ የኢኤስሲውን መሃል እንደገና ማስተካከል አለባችሁ፤ አሠራሩ ከመኪናዋ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ አለ።

ደረጃ 6፦ ፓይዋን አዘጋጁ

በኮምፒውተር ላይ ራዝበሪ ፓይ ኢሜጀር በሚባለው ፕሮግራም አማካኝነት ላይት የሚባለውን የፓይ ኦኤስ (ዋናውን ማስኬጃ) ካርዱ ላይ ጫኑ። ስክሪን ስለማንሰካላት ግራፊክ አያስፈልጋትም፤ ያላት ራም 512 ሜጋባይት ብቻ ነው። ኢሜጀሩ የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል፣ እንዲሁም በርቀት መግቢያውን ኤስኤስኤች አስቀድማችሁ እንድትሞሉ ይጠይቃል፤ ሙሉት። የይለፍ ቃሉን ጠንካራ አድርጉት። ይህቺ ካሜራ ያላት፣ ቤታችሁ ውስጥ የምትንቀሳቀስ ኮምፒውተር ናት።

ዜሮዋ 2.4 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይ ብቻ ነው የምታየው። ራውተራችሁ ወይም የስልካችሁ ሆትስፖት 5 ጊጋኸርትዝ ላይ ከሆነ ጭራሽ አታገኘውም። አይፎን ከሆነ "ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ" የሚለውን አብሩ። አንድሮይድ ላይ ከሆትስፖቱ ቅንብር ውስጥ 2.4ን ምረጡ።

ደረጃ 7፦ ምስሉን አስነሱ

ሚዲያኤምቲኤክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የፓይ ካሜራን በቀጥታ ያነባል፣ በዌብአርቲሲ በኩል ወደ ማንኛውም ብሮውዘር ይልካል። ዌብአርቲሲ የቪዲዮ ጥሪ የሚሠራበት ዘዴ ስለሆነ ምስሉን አያጠራቅምም። በአንዳንድ ሌሎች መንገዶች ብትልኩት ምስሉ ሰከንዶች ዘግይቶ ይደርስና ሾፌሩ ያለፈውን እያየ ይነዳል።

ቅንብሩ ላይ እነዚህን አስተካክሉ፦

- ስፋት 640፣ ቁመት 480፣ በሰከንድ 30 ምስል።
- የዳታ መጠን በሰከንድ 1 ሜጋቢት። ይህ በሰዓት 450 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ ፓኬጅ ስትገዙ በዚህ አስሉ።
- ሙሉ ምስል በየ30ው ምስል አንዴ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ የተበላሸው ምስል ቢበዛ በሰከንድ ውስጥ ይጸዳል።
- ሰዓቱ በምስሉ ላይ እንዲጻፍ።

የመጨረሻውን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ምስሉ ሲደርቅ የቆመች መኪና ይመስላል። ሾፌሩ "ለምን አትሄድም?" ብሎ ይጫናል፤ መኪናዋ ግን እየሄደች ነው። ምስሉ ላይ ሰከንዱ እየቆጠረ ካልሆነ እጁን እንዲያነሳ አስተምሩት።

ካሜራውን ከፊት መከላከያው ኋላ፣ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። የፊት ጎማዎቹ ጫፍ በምስሉ ውስጥ ቢታዩ ሾፌሩ መሪው ወዴት እንደዞረ ያውቃል። ከሥሩ ስፖንጁን አድርጉ። ስፖንጅ ሳያደርግ ኮብልስቶን ላይ የሚነዳ ሰው ምንም አያይም።

ደረጃ 8፦ የትዕዛዙን መንገድ ሥሩ

ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ሁለት አጫጭር ፕሮግራሞች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ፓይዋ ላይ። የላፕቶፑ ፓይጌም በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ የቁልፍ ሰሌዳውን ወይም የጌም መቆጣጠሪያውን ያነብባል፣ በሰከንድ 20 ጊዜ ዩዲፒ በሚባለው የኔትወርክ መላኪያ ዘዴ ይልካል። ምንም ባይነካም ይላክ።

ዩዲፒ የተመረጠበት ምክንያት አለ። ሌላው የመላኪያ ዘዴ፣ ቲሲፒ፣ የጠፋውን መልእክት መልሶ ይልካል፣ ተራውን ያስጠብቃል። ኔትወርኩ ሁለት ሰከንድ ተቋርጦ ሲመለስ አርባ ያረጁ ትዕዛዞች በአንዴ ይግተለተላሉ። መኪናዋ ሾፌሩ ከሁለት ሰከንድ በፊት የፈለገውን ልትፈጽም ትሞክራለች። ዩዲፒ ላይ የጠፋ ጠፋ ነው። በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ተራ ቁጥር ጻፉበት፤ ካለፈው ያነሰ ቁጥር ከመጣ ፓይዋ ትጣለው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልንገራችሁ። ፓይዋ ለናኖው ማቀበል ያለባት መልእክት ሲደርሳት ብቻ ነው። የመጨረሻውን ትዕዛዝ በየ50 ሚሊሰከንዱ እየደጋገመች የምትልክ ከሆነ፣ ኔትወርኩ ቢሞትም ናኖው ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ያምናል። ደረጃ 4 ላይ የደከማችሁበት ማቆሚያ ዋጋ ያጣል።

ሌላው፣ ላፕቶፑ ላይ የፓይጌም መስኮት ከፊት ካልሆነ ቁልፉን መልቀቃችሁን ላያይ ይችላል። ሌላ መስኮት ከፊቱ እንደመጣ ወዲያው 1,500 እንዲልክ አድርጉ።

ደረጃ 9፦ እያቋረጣችሁ ሞክሩ

መኪናዋ አሁንም ሳጥኑ ላይ ናት። በቤታችሁ ዋይፋይ አገናኟት፣ ጎማውን አሽከርክሩ፣ እየተሽከረከረ ሳለ አንድ በአንድ አቋርጡ፦

1. የላፕቶፑን ክዳን ዝጉ።
2. ራውተሩን ንቀሉ።
3. ፓይዋ ላይ ያለውን ፕሮግራም ግደሉት።
4. ፓወር ባንኩን ንቀሉ።

በአራቱም ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሞተሩ ጎማውን ማሽከርከሩን ማቆም አለበት። በአራተኛው ናኖውም ኃይል ስለሚያጣ ማቆም ያለበት ኢኤስሲው ራሱ ነው። አብዛኞቹ ምልክት ሲጠፋ ያቆማሉ። የእናንተው ካላቆመ ኢኤስሲውን ቀይሩ፤ በሌላ ዘዴ አትሸፋፍኑት። አራቱም ካለፉ መኪናዋን አውርዷት።

ደረጃ 10፦ ከግቢ ወደ ኢንተርኔት አውጧት

"ራውተሩ ላይ ፖርት (ከውጭ የመግቢያ በር) ከፍቼ ለምን አይሠራም?" የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የራውተራችሁን ገጽ ክፈቱና የውጭ አድራሻውን ተመልከቱ። በ10 ከጀመረ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ አድራሻውን ከሌሎች ደንበኞች ጋር ተጋርታችኋል ማለት ነው። ያኔ ፖርት መክፈት ምንም አያመጣም። የሞባይል ዳታ ላይ ደግሞ መክፈቻውም የለም።

መፍትሔው ታይልስኬል የሚባለው ፕሮግራም ነው። ለግል አገልግሎት ነፃ ነው። ፓይዋ ላይም ላፕቶፑ ላይም ጫኑት፤ ሁለቱ ሌላ ሰው በማያነበው የራሳቸው መንገድ ይገናኛሉ። ፓይዋ በ100 የሚጀምር ቋሚ አድራሻ ታገኛለች። የምስሉ ገጽም ትዕዛዙም ወደዚያ አድራሻ ይሂድ። ሌላ በር ስላልከፈታችሁ የማታውቁት ሰው ካሜራችሁን አያገኘውም።

መኪናዋን እንደመዘገባችሁ ታይልስኬል ላይ የመግቢያ ቁልፏን ማብቂያ ቀን (ኪይ ኤክስፓየሪ) አጥፉ። ካልተነካ በ180 ቀኑ ያበቃል። እናንተ ውጭ፣ መኪናዋ እናታችሁ ጋ ሆና አንድ ቀን ድንገት ትጠፋችኋለች።

ደረጃ 11፦ ኔትወርኩን ምረጡ

ግቢ ውስጥ ብቻ ከሆነ የቤት ዋይፋይ ይሻላል። ኮንዶሚኒየም ላይ ግን የጎረቤት ራውተር ሁሉ አንድ ላይ ይጮኻል። ራውተሩን 1፣ 6 ወይም 11 ከሚሉት ቻናሎች ጸጥ ወዳለው ቀይሩት። መብራት ሲሄድ ራውተሩ አብሮ ስለሚጠፋ ትንሽ የራውተር ዩፒኤስ ብታደርጉለት ጨዋታው አይቋረጥም።

ራቅ ካላችሁ ስልኩን ሆትስፖት አድርጉት፤ አጠገቧ የሚቆመው ሰው ኪስ ውስጥ ይሁን። ስትለኩ የምታዩት የማውረጃውን (ዳውንሎድ) ሳይሆን የመስቀያውን (አፕሎድ) ፍጥነት ነው፤ መኪናዋ ብዙ የምትልክ፣ ጥቂት የምትቀበል ናት። ለ1 ሜጋቢት ምስል ቢያንስ 2 ሜጋቢት የተረጋጋ መስቀያ ፈልጉ።

ደረጃ 12፦ መዘግየቱን ለኩ፣ ፍጥነቱን በእሱ ወስኑ

የስልክ የሰዓት ቆጣሪ ከፍታችሁ ካሜራው ፊት አድርጉት። የሾፌሩን ስክሪን ከጎኑ አስቀምጡና ሁለቱንም በአንድ ፎቶ አንሱ። የሁለቱ ቁጥር ልዩነት የምስሉ መዘግየት ነው። ሾፌሩ ሩቅ አገር ከሆነ የታይልስኬልን ፒንግ (መልእክት ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ) ጨምሩበት።

ርቀት ራሱ ዋጋ አለው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በቀጥታ ከ11,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልሱ በምንም ተአምር ከ115 ሚሊሰከንድ አያንስም፤ ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ በተግባር ይበልጣል። ፒንጉ በቅብብል ሰርቨር በኩል እያለፈ እንደሆነ ከነገራችሁ ደግሞ ይብሳል።

ድምሩ 0.4 ሰከንድ ሆነ እንበል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ሾፌሩ እንቅፋቱን አይቶ ትዕዛዙ እስኪደርስ 2 ሜትር ከ20 ትሄዳለች። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ 55 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ልዩነቱ የግቢ በር ስፋት ነው። መዘግየታችሁ ከ0.5 ሰከንድ ካለፈ 1,600 የሚለውን ገደብ ወደ 1,550 አውርዱ።

ደረጃ 13፦ ቦታ ምረጡ

1,500 ፍሬን አይደለም። ሞተሩን ያቆማል እንጂ ጎማውን አይዝም። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ቁልቁል የወረደ ሰው አዲስ አበባ ምን ያህል ዳገትና ቁልቁለት እንደሆነች ያውቃል። ተዳፋት ላይ ኔትወርክ ቢጠፋ መኪናዋ ሞተሯ ቆሞ መንከባለሏን ትቀጥላለች። ሜዳ የሆነ ግቢ ምረጡ። ክሮውለር ከሆነች ኢኤስሲው ሲቆም ጎማውን የሚይዝበት ቅንብር ሊኖረው ስለሚችል እሱን አብሩ።

መንገድ ላይ አትንዱ። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ያጓጓሉ፤ ግን የእግረኛና የብስክሌት ናቸው፣ እርጅና ያለበት ሰው ከእግሩ ሥር ያለች መኪና አያያትም። አራት ኪሎ አካባቢ ደግሞ ቤተ መንግሥቱና ፓርላማው አሉ። ካሜራ የተሸከመች መኪና ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ ወደ ኤምባሲ አጥር አታስጠጉ፤ ጥበቃዎቹ ቢያስቆሟችሁ ትክክል ናቸው። የጋራ ግቢ ከሆነ ጎረቤቶችን አስፈቅዱ፤ ካሜራው የእነሱንም በር ያያል።

ምንጊዜም አጠገቧ አንድ ሰው ይቁም። የመኪናዋ ማብሪያ ማጥፊያ የት እንዳለ ይወቅ፣ ከሾፌሩ ጋር በስልክ ይገናኝ።

ደረጃ 14፦ ለሩቁ ሾፌር ስጡት

ታይልስኬል ላይ መኪናዋን ብቻ በሊንክ ማጋራት ይቻላል። አካውንታችሁን አትስጡ። ሁለት ልጆች በአንድ ጊዜ ትዕዛዝ ቢልኩ መኪናዋ ትናወጣለች፤ ፓይዋ የአንዱን አድራሻ ብቻ እንድትሰማ አድርጉና አምስት አምስት ደቂቃ እየቀያየራችሁ አጫውቷቸው። የፉክክሩ ጩኸት ለአያት ትልቅ ደስታ ነው።

ሰዓቱንም አስቡ። ዋሽንግተን በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት ሲሉ በበጋቸው እዚህ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በክረምታቸው 11 ሰዓት ነው። ከዚያ ካለፈ ይመሽና ካሜራው አያይም። ቅዳሜ ጠዋታቸው ይሁን።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ወደኋላ አልሄድም ትላለች። ብዙ ኢኤስሲዎች ላይ የመጀመሪያው የኋላ ትዕዛዝ ፍሬን ነው። ወደ መሃል መልሳችሁ ድጋሚ ስጡት።

ስትከፍቷት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰከንዶች አትሰማም። ፓይዋ ዩኤስቢውን ስትከፍት ናኖው እንደገና ይነሳል። ፕሮግራሙ ሁለት ሰከንድ ይጠብቅ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ታይልስኬል አልገናኝም ይላል። ዜሮዋ ባትሪ ያለው ሰዓት የላትም፤ ኢንተርኔት አግኝታ ሰዓቷን እስክታስተካክል ጥቂት ጠብቁ።

ካርዱ ይበላሻል። ፓወር ባንኩን መንቀል ማጥፊያ አይደለም። በትዕዛዝ አጥፏት፣ ከዚያ ንቀሉ። የደረጃ 9 ሙከራ ላይ ከነቀላችሁ በኋላ ካርዱ ደህና መሆኑን ተመልከቱ፤ ቅጂ ካርድ መያዝም አይከፋም።

ፓወር ባንኩ በራሱ ይጠፋል። አንዳንዶቹ የሚወሰደው ኃይል ትንሽ ሲሆን ስልክ የሞላ መስሏቸው ይዘጋሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ፓይዋን ሰክታችሁ ሃያ ደቂቃ ሞክሩ።

ሞተሩ ይግላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ እንደ ቆላ አያቀዘቅዝም። በየአሥር ደቂቃው በጣት ነክታችሁ እዩት፤ ጣት ማቆየት ካቃታችሁ አሳርፏት። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናብ አለ። ፓይዋን በፌስታል መጠቅለል ውኃውን ቢከለክልም ሙቀቱንም ያፍናል፤ ያን ሰሞን በረንዳ ላይ ንዱ።

የባትሪ ማስጠንቀቂያ

ባለ ሁለት ሴል ሊፖ ሙሉ ሲሆን 8.4 ቮልት ነው። እያንዳንዱ ሴል ወደ 3.5 ሲወርድ አላርሙ እንዲጮኽ አድርጉት፤ ከ3 በታች ከወረደ ይጎዳል። ያበጠ ባትሪ አትሙሉ፣ አትውጉት። ስትሞሉ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ አድርጉ፤ ሰው ሳይኖር ወይም ሌሊት ተኝታችሁ አትሙሉ። እናታችሁ ቤት የሚቀር ከሆነ ሙሉውን አታስቀምጡ። በየሴሉ 3.8 ቮልት ላይ አድርጋችሁ፣ ከመኪናዋ ነቅላችሁ፣ ከእሳትና ከፀሐይ አርቃችሁ አኑሩት። የሚሞላው ሰው ማን እንደሆነም ከመሄዳችሁ በፊት ተስማሙ። የእኛ ቤት ታናሽ ወንድሜ ነው የሚሞላው፤ አርብ ማታ ቁጭ ብሎ፣ ቅዳሜ ልጆቹ እስኪደውሉ።